ክዳኑን ለሰውየው የተወ ሳጥን

ሳጥኑ ከሩቅ ሲታይ የሚያስገርም ነገር የለውም። ፕላስቲክ ነው፤ ክዳን አለው፤ ውስጡ የኪኒን ስትሪፖች ተደራርበው የሚገቡበት ባዶ ቦታ ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ዕቃ ከመያዝ ያለፈ ሥራ እንዳለው ያስታውቃል። ከሳጥኑ ተላቅቆ የሚወጣ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል አለው፤ ሳጥኑ ቢቆሽሽ ወይም ቢሰበር ያ ክፍል ወደ ሌላ ሳጥን ይዛወራል። ሦስት ትንንሽ መብራቶች አሉት፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አረንጓዴው መድኃኒት የመውሰጃው ሰዓት ሲደርስ ይበራል። ቢጫው መድኃኒትህ ሊያልቅ ነው፣ ወደ ጤና ተቋም ብቅ በል ይላል። ቀዩ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ ባትሪዬ ደክሟል ማለቱ ነው። ስሙ ኤቭሪሜድ 500 ሲሆን ሠሪው ዋይዝፒል የተባለ የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ ነው።

መብራቶቹን ወድጃቸዋለሁ። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ሆነ ዓይኑ የደከመ አዛውንት እንዲገባው ታስበው የተሠሩ ናቸው። ሳጥኑ አፕ አውርድ አይልም፣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ዋይፋይ አይፈልግም። በራሱ ባትሪ ስለሚሠራ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም መብራት ቢጠፋ ጉዳዩ አይደለም። የቀለማቱ ቅደም ተከተል የሰንደቃችን መሆኑ በእርግጥ አጋጣሚ ነው፤ ያም ሆኖ የአገራችን ታካሚ አንዴ ከተነገረው አይረሳውም።

ከሁሉ የሚያምረው ግን የማይታየው ክፍል ነው። እንዲህ ባሉ የመድኃኒት ሳጥኖች ዘንድ የተለመደው ብልሃት ክዳኑ ላይ ትንሽ ማግኔት፣ ከሥሩ ደግሞ የማግኔቱን መቅረብና መራቅ የሚያውቅ ስዊች ማድረግ ነው። ከስዊቾቹ አንዱ፣ ሪድ ስዊች የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ዋልተር ኤልውድ የተባለ መሐንዲስ በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ የፈለሰፈው ነው። ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ነው፤ ሁለቱም ጫፉ ድፍን ነው፤ ውስጡ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ሊነካኩ ሲሉ ቆመው ቀርተዋል። ማግኔቱ ሲጠጋ ምላሶቹ ይሳሳባሉ፣ ይነካካሉ፣ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ማግኔቱ ሲርቅ በራሳቸው ውጥረት ተላቅቀው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ብርጭቆው ድፍን ስለሆነ የግንቦት አቧራም ሆነ የነሐሴ እርጥበት አይደርስባቸውም። ቦሌ ውስጥ በየሱቁና በየቤቱ በርና መስኮት ላይ የተገጠመው የሌባ ማንቂያም ብዙውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። እዚያ የሚጠበቀው ሌባ ነው፤ እዚህ የሚጠበቀው የሳጥኑ ባለቤት ነው። ይህን ልዩነት በኋላ እመለስበታለሁ።

ክዳኑ ሲከፈት ሳጥኑ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባል። የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ኪኒኑ ተዋጠ አይልም፤ ተፋ አይልም፤ ኪስ ገባ አይልም። የከፈተው እጅ የማን እንደሆነም አያውቅም። ሠሪዎቹ ሥሩ ሚዛን ሊያስቀምጡበት፣ ክዳኑ ላይ ካሜራ ሊተክሉበት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ዋጋውን ለመቀነስ ይሆናል፤ ውጤቱ ግን የማያውቀውን አውቃለሁ የማይል ዕቃ ሆነ። ብዙ ዘመናዊ መሣሪያ የጎደለው ይኼ ነው።

ክዳን መቁጠር አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ ትንሽ ሰርኪዩት ተደብቆ የመክፈቻውን ሰዓት መመዝገብ ተጀምሮ ነበር። በዚያ ክዳን የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው የጆይስ ክሬመር ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ታካሚዎች መድኃኒታቸውን እንደ ታዘዘው የወሰዱት በአማካይ 76 በመቶ ያህሉን ጊዜ ነበር። በቀን አንዴ የታዘዘላቸው 87 በመቶ ሲያደርሱ በቀን አራት ጊዜ የታዘዘላቸው 39 በመቶ ላይ ቀሩ። ክሬመርና ባልደረቦቿ ሌላም ነገር አስተዋሉ፦ ሰው ቀጠሮው ሲቃረብና ከቀጠሮው ሰሞን በደንብ ይወስዳል፤ መሐሉ ላይ ይላላል። ሐኪም ፊት ቀርቦ «አላቋረጥኩም» የሚል ታካሚ ሁሉ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ የሚያስታውሰው ያለፈውን ሳምንት ነው። የሚጥል በሽታ እኛ አገር በብዛት የሚታየው በአእምሮ ሕክምና ክፍሎች፣ በሥነ አእምሮ ነርሶች እጅ ስለሆነ፣ ይህ የጠርሙስ ክዳን ታሪክ ለአማኑኤልና ለኮተቤ ሆስፒታሎች ካርድ ክፍሎች ሩቅ ወሬ አይደለም።

ሳጥኑ አዲስ አበባ የገባው በአእምሮ ሕክምና በር ሳይሆን በሳንባ ነቀርሳ በኩል ነው። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየቀኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ በባለሙያ ፊት ኪኒኑን ውጦ ይመለሳል። ከሰሚት ወይም ከጎሮ ተነስቶ በታክሲ ሰልፍ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ይህን ማድረግ የቀን ሠራተኛ ለሆነ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በምህጻሩ ሲዲቲ አፍሪካ የሚባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል፣ በዶ/ር ፀጋሁን ማንያዘዋል መሪነት፣ እ.ኤ.አ. ከጁን 2020 እስከ ጁን 2021 በከተማዋ 10 ጤና ተቋማት 114 ታካሚዎችን ይዞ ሙከራ አደረገ። ገሚሱ እንደ ወትሮው በየቀኑ እየመጣ በባለሙያ ፊት ዋጠ። ሌላው ገሚስ የ15 ቀን መድኃኒት ሳጥኑ ውስጥ ተሞልቶለት ቤቱ ሄደ። በ15ኛው ቀን ሲመለስ ባለሙያው ሳጥኑን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የክዳኑን ታሪክ ያወጣና ከታካሚው ጋር አብረው ያዩታል።

ጊዜውን ልብ ይበሉ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምና ሲሰጥ የነበረው ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል በዚያው ሰሞን የኮሮና ማከሚያ ሆነ። ሰው ወደ ጤና ተቋም መሄድን የሚፈራበት፣ ባለሙያውም ባትመጡ ደስ ይለኛል የሚልበት ወራት ነበር። በየቀኑ መምጣትን በ15 ቀን አንዴ ለሚያደርግ ሳጥን ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም።

ሙከራው ሳጥኑ ያለውን ብቻ አምኖ አልተቀመጠም። የሽንት ምርመራ ጨምሮበታል፤ ኢሶናያዚድ የተባለው መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ሽንት ይናገራል። ከዚያው ጋር የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርግ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከዲጂታል ዘመን በፊትም የራሱ ጠቋሚ ነበረው። በሁለቱም ወገን መድኃኒቱን በአግባቡ መውሰድ ወደ 99 በመቶ ደረሰ። ሳጥን ይዞ ቤቱ የዋጠው በየቀኑ ተመላልሶ ከዋጠው አላነሰም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጃማ ኔትወርክ ኦፕን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ዘገባ ደግሞ ሳጥን የያዙት ወጪያቸው እንደቀነሰና የኑሯቸው ሁኔታ እንደተሻለ አሳየ። ለእኔ የሳጥኑ ክብር እዚህ ላይ ነው። ሰውን የበለጠ ታዛዥ አላደረገውም፤ የታክሲ ሰልፉን ነው ያስቀረለት።

ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ 78 ጤና ተቋማት ውስጥ የተካሄደው ሰፊ ሙከራ ነገሩን አበረደው። በሳጥንም ሆነ ኮዱ በስልክ መልእክት በሚላክ የመድኃኒት መለያ ወረቀት ሕክምናቸውን የተከታተሉት ታካሚዎች የሕክምና ፍጻሜያቸው እንደ ወትሮው ከታከሙት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው ታዲያ ምን ሊረባን ይላል። እኔ እንደዚያ አላነበብኩትም። ክዳን ቆጣሪው ክዳን ቆጠረ፤ ሐኪም ነኝ ያለ የለም።

አሁን ወደ አእምሮ ሕክምና። እዚህ ነገሩ ከሳንባ ነቀርሳ በብዙ ይለያል። ነቀርሳ ስድስት ወር አለው፤ ያልቃል። ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ግን ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ይጠይቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ረዥም ሕክምና የታዘዘለት ሰው በአግባቡ የሚወስደው በአማካይ ግማሹን ብቻ ነው ብሏል። በአእምሮ ሕመም ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፦ ሕመሙ ራሱ «አልታመምክም» ሊል ይችላል። ሲሻለው የሚያቆም አለ፤ ሲብስበት የሚያቆም አለ። ኪኒኑን ከምላሱ ሥር አቆይቶ እናቱ ፊቷን ስታዞር የሚተፋም አለ። ለዚህ ሐኪሞች ያላቸው የቆየ መልስ መርፌ ነው፤ ፍሉፌናዚን ዲካኖዌት በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ ተወግቶ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። መርፌው ሴንሰር የለውም፤ መከታተያው የነርሷ መዝገብ ነው፤ የቀረ ሰው በስሙ ይታወቃል።

ራሱ ሴንሰር ያለው ኪኒን ግን ከዚህ ሁሉ ርቆ ሄደ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አቢሊፋይ ማይሳይት የተባለ ኪኒን ፈቀደ። መድኃኒቱ ለስኪዞፍሬኒያ፣ ለባይፖላርና እንደ ተጨማሪ ለድብርት የሚሰጠው አሪፒፕራዞል ነው፤ አምራቹ የጃፓኑ ኦትሱካ። ሴንሰሩን የሠራው ፕሮቲየስ ዲጂታል ሄልዝ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው። በፈቃዱ ታሪክ፣ ተውጦ መዋጡን የሚናገር የመጀመሪያው መድኃኒት ይህ ነው።

ሥራውን ጠጋ ብሎ ላየው ያስደነግጣል። ሴንሰሩ አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ ጤፍ ፍሬ ላይ ቢወድቅ ለመለየት ዓይን ያስቸግራል። መሠረቱ ሲሊከን ነው። በአንዱ ፊቱ ማግኒዚየም፣ በሌላው ፊቱ የመዳብ ጨው በስሱ ተቀብቷል፤ ወርቅና ቲታኒየምም አለበት። ባትሪ የለውም፤ ብልሃቱም እዚያ ላይ ነው። ኪኒኑ ጨጓራ ደርሶ ሲሟሟ የጨጓራው ፈሳሽ ሁለቱን ብረቶች ያገናኛል፤ በማግኒዚየሙና በመዳቡ መካከል ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ባትሪው ራሱ ታካሚው ነው። በዚያች ኤሌክትሪክ ቺፑ ለጥቂት ደቂቃ ይነቃና የራሱን መለያ ቁጥር ደጋግሞ ይልካል። የሚልከው በሬዲዮ ሞገድ አይደለም፤ በሰውየው ሥጋ ውስጥ በሚያልፍ ደካማ የኤሌክትሪክ ምት ነው። ዙሪያውን የከበበው፣ ከሴሉሎስ የተሠራ ቀጭን ቀሚስም ለጌጥ አልተደረገም፤ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አቋርጦ እንዳያልፍና ዞሮ እንዲሄድ፣ በዚህም ምቱ ርቆ እንዲሰማ ያደርጋል። በግራ ጎን ከታችኛው የጎድን አጥንት ከፍ ብሎ የተለጠፈ ፕላስተር ምቱን ይሰማል፤ በብሉቱዝ ወደ ስልክ ያስተላልፋል። ፕላስተሩ በየሳምንቱ ይቀየራል። ቺፑ ሥራውን ጨርሶ እንደ ማንኛውም የማይፈጭ ነገር ከሰውነት ይወጣል።

አንድ የእጅ ሙያተኛ ቁጭ ብሎ ይህን ቢያይ እጁን ጠቅልሎ የሚነሳ ይመስለኛል። ትንሽ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ቆሻሻው እንኳ ማዕድን ነው። ኃይሉን ከታካሚው ወስዶ መልእክቱን በታካሚው ሥጋ ማሳለፉ ከብልሃትም በላይ ነው። ያም ሆኖ፣ ሥራውን እያደነቅሁ፣ ቦታውን አልወደድኩትም። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶብኛል፣ ይከታተሉኛል የሚል ሰው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ብርቅ አይደለም። ሐኪሙም ቤተሰቡም ይህ እንዳልሆነ ሊያስረዱት ይደክማሉ። ቺፑ ሲመጣ ነገሩ እውነት ሆነ፤ እውነትም ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቷል፣ እውነትም ይከታተሉታል። ማንኛውም ምርጥ ሥራ ይህን አያስተካክለውም።

አምራቾቹ ጨርሰው የሰውን ፈቃድ ረስተዋል ማለት አይደለም። ታካሚው መረጃውን ማን እንዲያይ እንደሚፈልግ ይመርጣል፤ ከፈለገ ይዘጋዋል። በመድኃኒቱ መረጃ ላይም ኪኒኑ ታካሚው በአግባቡ እንዲወስድ ማድረጉ እንዳልተረጋገጠ በግልጽ ተጽፏል፤ ምልክቱ ሊዘገይ ወይም ጭራሽ ላይታወቅ ስለሚችል ለድንገተኛ ጉዳይ አትመኑበት ተብሏል። ፕሮቲየስ እ.ኤ.አ. በ2020 ኪሳራ አወጀ፤ ንብረቱን ኦትሱካ ገዛው። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ቁም ነገር የገበያ ጉዳይ አይደለም። ኪኒኑን ሳይሰበርና ሳይፈጭ ዋጥ፣ ፕላስተሩን ለጥፍ፣ ስልኩን ቻርጅ አድርግ፣ አፑን ክፈት። ይህን ሁሉ ሳያጓድል የሚያደርግ ሰው መድኃኒቱን ለመውሰድ ምን አስታዋሽ ያስፈልገዋል?

ሳጥኑ ከዚህ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ሳጥኑ ውጭ ነው ያለው፤ ቡፌ ላይ ወይም ኮመዲኖ ውስጥ ይቀመጣል። ታካሚው ያየዋል፣ ይነካዋል፣ ሲመርረው ይመልሰዋል። ክዳኑን ያለመክፈት መብቱ አልተነካም፤ አለመክፈቱም ራሱ መልእክት ሆኖ ይመዘገባል። የሌባ ማንቂያው ብልሃት እዚህ ላይ በጎ ይሆናል፦ ባለቤቱ ሲፈልግ ከቤቱ ሊያወጣው የሚችለው ጠባቂ ነው። በሥነ ምግባርም ሆነ በሥራ ጥራት ቺፑን የሚበልጠው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በሕግም ቢሆን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መካከል አስገብቶታል፤ ከሰውየው ሆድ የሚወጣ መረጃ ከክዳን ከሚወጣው የበለጠ ጥያቄ ያስነሳል።

ሳጥኑ ግን በአእምሮ ሕክምና ላይ ሲውል አንድ ጉድለት ይወጣበታል። በምሥራቅ አዲስ አበባ ባሉ ብዙ ቤቶች መድኃኒቱን የምትይዘው አስታማሚዋ ናት፤ እናት ወይም እኅት። ማታ ማታ ኪኒኑን ከፍታ፣ ውኃ ቀድታ፣ አጠገቡ ቆማ የምትሰጥ እርሷ ናት። ክዳኑን የምትከፍተውም እርሷ ናት። ሳጥኑ ተከፈተ ባለ ቁጥር የመሰከረው ለእናትየዋ ትጋት ነው፤ ስለ ልጇ ጉሮሮ አንድ ቃል አይናገርም። ያልተከፈተ ዕለትም ጥፋቱ በእርሷ ላይ ይወድቃል። እናት ስትታመም፣ ለቅሶ ስትሄድ፣ ሥራ ስትወጣ የሚጎድለው ቀን በልጇ ስም ይጻፋል።

ይህንን ያነሳሁት እንዲሁ ለማለት ያህል አይደለም። ዶ/ር ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች፣ አስታማሚዎቻቸውንና የጤና ባለሙያዎችን መድኃኒት ለምን እንደሚቋረጥ ጠይቀው ነበር። የመጣው መልስ ከሴንሰር ሠሪዎች ሐሳብ ውጭ ነው፤ ጎልቶ ከወጡት ምክንያቶች አንዱ የምግብ እጥረት ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቶቹ የምግብ ፍላጎት ይቀሰቅሳሉ፤ ረሃብ ያመጣሉ። ቤት ውስጥ የሚበላ ሲጠፋ ታካሚው መድኃኒቱን መዋጥ ረሃብን መጥራት ሆነበት። ብዙ ጊዜ ከምንገምታቸው ምክንያቶች፣ ከመርሳትም ከእምቢታም ጎን፣ የእንጀራ ነገር ተነሣ። የቡታጅራ ዙሪያ ገጠር ነው፤ የአያት ኮንዶሚኒየም ኑሮ ሌላ ነው ሊባል ይችላል። የአዲስ አበባን የምግብ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ግን ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ ነው አይልም።

እንግዲህ ሳጥኑ ዝም ባለ ዕለት ምን ተብሎ ይነበብ? ነርሷ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ የአሥራ አምስት ቀኑን ታሪክ ስታይ በየቀኑ አንድ ምልክት አለ፤ አንዳንዱ ላይ የለም። የለም የሚለው ምልክት ረሳ፣ አልፈለገም፣ ራበው፣ ለቅሶ ሄደ፣ ጠበል ገባ፣ ማናቸውንም ሊሆን ይችላል። ጠበል የከረመ ሰው ሳጥኑን ቤት ትቶ ሄዶ ቢሆን ሳጥኑ መዝግቦ የሚያቀርበው ባዶ ሳምንት ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው የነርሷ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም «ለምን አልወሰድክም» ከሆነ በመርማሪ ድምፅ ይሆናል። «በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ ምን ነበር?» ብትለው ይሻላል።

ሳጥኑ ለኮተቤና ለቦሌ የአእምሮ ታካሚ ይሠራ ቢባል የምቀይርለት ጥቂት ነገር አለ። መጀመሪያ የማስታወሻ ድምፁ። የነቀርሳው ሙከራ ታካሚ ጠዋት ሊያስጮኸው ይችላል። ገርጂ በሰርቪስ ቤት የሚከራይ፣ ሕመሙን ከአከራዩ የደበቀ ልጅ ግን ማታ ሦስት ሰዓት በግድግዳ በኩል የሚጮኽ ሳጥን አይፈልግም፤ አረንጓዴው መብራት ብቻ ይበቃዋል። ሁለተኛ የሰዓቱ አቆጣጠር። ኮምፒውተሩ 21:00 ብሎ የሚያወጣውን ነርሷ አሥራ ስምንት ቀንሳ ሦስት ሰዓት ትለዋለች፤ ታካሚው ደግሞ ማታ ሦስት ነው የሚያውቀው፤ ቀጠሮው በኢትዮጵያ ወር ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ሪፖርቱ በፈረንጅ ወር ይመጣል። በየገጹ እንዲህ መቀነስና መደመር ሰውን ያደክማል፤ ያደከመ ደግሞ ያሳስታል። ሦስተኛ የእጁ ጉዳይ ነው፦ አስታማሚዋም ታካሚውም ሲከፍቱ የሚለይ ሁለት ቀለም ያለው ማኅተም፣ ወይም ቀላል የሆነ ሌላ ብልሃት፣ ሁለቱን በማጋጨት ሳይሆን ማን ምን እንደሠራ በማሳየት ሊጠቅም ይችላል። ጉሮሮውን ግን አሁንም ለሰውየው ይተውለት።

አራተኛው የቴክኖሎጂ ጉዳይ አይደለም፤ ከሪፖርቱ ወረቀት ጋር የሚሄድ ነው። ለእያንዳንዱ ባዶ ቀን አጠገቡ የእጅ ጽሑፍ የምትይዝ አንዲት መስመር ትቀመጥ፤ ነርሷም መጀመሪያ የምትጽፍባት የዚያን ዕለት የነበረው ምግብ ይሁን። አማኑኤል የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ከነበረበት ዘመን አንስቶ፣ ከሲኤምሲም ሆነ ከቦሌ ቡልቡላ ከተማዋን አቋርጦ መርካቶ ድረስ የሄደ ታካሚ፣ ስለ ኪኒኑ ብዙ ተጠይቋል፤ ስለ ምሳው የተጠየቀው ጥቂት ነው። የዶ/ር ሰሎሞንን ጥናት ያነበበ ነርስ ያንን መስመር ሳይሞላ ሪፖርቱን አይዘጋም።